አማካይዋን ጨዋታ አትንፈጓት

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ ለሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች፣ ለስፖርት ጋዜጠኞች
ጉዳዩ፦ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን የሉሲዎቹ አማካዮች በቂ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የፌዴሬሽኑ አመራሮች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከካምፓላ ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን ቀላል አይደለም። ሉሲዎቹ ወደ ዩጋንዳ በመጡ ቁጥር ስማቸውን እየጠራን የምንጨነቅ፣ ሲያሸንፉ የምንጨፍር፣ ሲሸነፉም እንቅልፍ የምናጣ ሰዎች ነን። ቅሬታ ለማሰማት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ብዕሬን አነሣሁ፤ ጥያቄዬንም ከመጀመሪያው በግልጽ አስቀምጣለሁ። ማጣሪያ ኖረም አልኖረም፣ ብሔራዊ ቡድናችን በየዓመቱ አስቀድሞ ቀኑ የታወቀ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ይኑረው። የመጀመሪያዋ ተጋጣሚም ጎረቤታችን ዩጋንዳ ትሁን። ይህን የምጠይቀው ለመላው ቡድን ቢሆንም፣ ጨዋታ ማጣት ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው አማካዮቻችንን ስለሆነ ስለ እነሱ እናገራለሁ።

ዩጋንዳን ያነሣሁት ስለምኖርባት ብቻ አይደለም። ያለፉት ዓመታት ታሪክ ሁለቱን ቡድኖች ደጋግሞ አገናኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ተጫውተን በደርሶ መልስ ድምር 4 ለ 3 አሸንፈን አልፈናል። በጥቅምት 2021 ለሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከካምፓላ ወደ ኢንቴቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የኪቴንዴ ስታዲየም 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከቀናት በኋላ ልጆቻችን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ያንኑ 2 ለ 0 መለሱ፤ በመለያ ምት ግን 2 ለ 1 ተረትተን ወጣን። በ2025 መጀመሪያ ለ2026ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እንደገና ተገናኘን። በዚያ ጊዜ መለያ ምቱ ለእኛ ሆነና አለፍን፤ ቀጥላ ታንዛኒያ አስቆመችን። እንግዲህ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ምት ነው ማለት ይቻላል።

የዚያ አንድ ምት ዋጋ ግን እኩል አልነበረም። በ2021 እኛን የጣለችው ዩጋንዳ ቀጣዩ ዙር ላይ ኬንያ ከውድድሩ ራሷን በማግለሏ በቀጥታ ለሞሮኮው የ2022 የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። እዚያም ከሴኔጋል፣ ከአዘጋጇ ከሞሮኮና ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫወተች። ሁለቱን ተሸንፋ አንዱን 2 ለ 2 ተለያይታ ከምድቧ ወጣች። ውጤቱ የሚያኮራ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን የዩጋንዳ አማካዮች በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ዓይነት አጨዋወት፣ ሦስት ዓይነት ፍጥነት ቀምሰው ተመለሱ። ከእነሱ ጋር በደርሶ መልስ ድምር እኩል 2 ለ 2 የወጡት የእኛ አማካዮች በዚያው ወር ቤታቸው ነበሩ። ማጣሪያን ብቻ ተስፋ ያደረገ ቡድን እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ደርሶ መልስ ተጫውቶ ከወደቀ ለዓመቱ ያገኘው ጨዋታ ሁለት ነው።

ስለ አማካይ ለይቼ የምናገርበትን ምክንያት ላስረዳ። አጥቂ በአንድ ሩጫና በአንድ ግብ ስሟን ልታስጠራ ትችላለች። ግብ ጠባቂም አንድ መለያ ምት አድና ጀግና ልትባል ትችላለች። የአማካይ ሥራ ግን እንዲህ በአንድ ቅጽበት አይታይም። አንዲት ጥሩ አማካይ ኳሷ ወደ እሷ እየመጣች ሳለ የምታደርገውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዴ በቀኝ ትከሻዋ፣ አንዴ በግራ ትከሻዋ በኩል ወደ ኋላዋ ትቃኛለች። ተጋጣሚ እየገሰገሰችባት ከሆነ ኳሷን በአንድ ንክኪ ወደ መጣችበት ትመልሳለች። ቦታው ክፍት ከሆነ ሰውነቷን በከፊል አዙራ ትቀበልና በሁለተኛው ንክኪ ፊቷን ወደ ተቃራኒ ግብ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ኳሷ እግሯ ሥር ከመድረሷ በፊት ነው። ዘግይታ ካየች ትነጠቃለች፤ እሷ ስትነጠቅ ደግሞ ተከላካዮቿ ለብቻቸው ይጋለጣሉ።

ይህን ንቃት በልምምድ ሜዳ ብቻ ማምጣት አይቻልም። በአገር ውስጥ ሊግ ስትጫወት የተጋጣሚዎቿን እግር ታውቃለች፤ ማን ፈጣን እንደሆነች፣ ማን ዘግይታ እንደምትደርስ ከብዙ ጨዋታ ተምራለች። ዓለም አቀፍ ሜዳ ላይ ግን ጊዜው ያጥራል። በሊጉ ሁለት ንክኪ የሚያስችላት ቦታ እዚያ ለአንድ ንክኪ እንኳ ይጠባል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት 2023 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 1 ይዘን አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸንፈናል። ናይጄሪያን ማቆም የሚችል እግር እንዳለን የመጀመሪያው ውጤት አሳይቷል። ያንኑ ከሜዳ ውጭ፣ በማያውቁት አየርና በሚጮህ ሕዝብ ፊት መድገም የሚቻለው ግን ደጋግሞ ከሜዳ ውጭ በመጫወት ነው። የሉሲዎቹን መሐል ሜዳ ከያዙት መካከል እንደ ሕይወት ደንጊሶና እመቤት አዲሱ ያሉ ተጫዋቾች ችሎታ የሚያጠያይቅ አይደለም። የሚያጠያይቀው ያንን ችሎታ የሚያበስል ጨዋታ ምን ያህል ሰጥተናቸዋል የሚለው ነው።

ታሪካችን ባዶ እንዳልሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ በሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ በ2002፣ በ2004 እና በ2012 ተሳትፋለች። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዛ አራተኛ ሆናለች፤ ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታም በጋና የተረታችው በመለያ ምት ነበር። ከ2012 ወዲህ ግን አንድም ጊዜ አልተመለስንም። ይህ ማለት በ2013 በአሥራ ስምንት ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠች አንዲት አማካይ ዛሬ ሠላሳን አልፋለች፤ የእግር ኳስ ዘመኗን ልትጨርስ ተቃርባም የአፍሪካ ዋንጫን መዝሙር ሜዳ ላይ ቆማ አልሰማችም። የአንድ ትውልድ ሙሉ ዕድሜ ነው ያለፈው።

ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ደግሞ ተከታዩ ትውልድ ነው። በኅዳር 2021 ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ፣ ከጂንጃ ማዶ ባለችው ንጄሩ፣ በዩጋንዳ እግር ኳስ ማኅበር የቴክኒክ ማዕከል በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) ከ20 ዓመት በታች ውድድር ልጆቻችን በአዘጋጇ አገር ሜዳ ዋንጫ አነሡ። ይኸው የዕድሜ እርከን ለ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ነበር፤ አዘጋጇን ኮስታሪካን ያስመኘንን በር የዘጋችው ጋና ናት። ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ የቀረው ትውልድ ነበር። በ2022 በዚያው ንጄሩ በተካሄደው የዋናው ቡድን የሴካፋ ውድድር ሦስተኛ ወጥተናል፤ ዋንጫውን ዩጋንዳ ወሰደች። እነዚያ ወጣት አማካዮች በአሥራ ዘጠኝና በሃያ ዓመታቸው በተከታታይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ቢያገኙ ኖሮ ዛሬ ወደ ሃያ አምስት ሲጠጉ የቡድኑ የጀርባ አጥንት በሆኑ ነበር። ከወጣት ቡድን ወደ ዋናው የሚያሻግር ድልድይ ባለመኖሩ ብዙዎቹ በመካከል ቀርተዋል።

ጨዋታ መደጋገም ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው በእጃችሁ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2021 ናይሮቢ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ዞን የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ። በ2023 እዚህ ንጄሩ እንደገና ፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተረታ። በ2024 አዲስ አበባ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ፍጻሜ ገባና የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ለአፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ያለፈ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። በመጀመሪያው ሽንፈት ተስፋ ቆርጦ ቢበተን ኖሮ ሦስተኛው ድል አይመጣም ነበር። ብሔራዊ ቡድኑም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ተሸንፎም ሆነ አሸንፎ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጨዋታ እንዳለው የሚያውቅ ቡድን መሆን።

ከካምፓላ ሆኜ የማየውንም ልንገራችሁ። እዚህ የሴቶች እግር ኳስ ሥሩ ትምህርት ቤት ነው። በካዌምፔ ሰፈር የሚገኘው የካዌምፔ ሙስሊም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን በአገሪቱ ሊግ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆኗል። በሙኮኖ የሚገኘው የዩጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲም የራሱ የሴቶች ክለብ አለው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ የደንብ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ቀሚሱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ቀይ አፈር ሜዳ ላይ የሚሰለፉ ልጃገረዶችን ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም። በካምፓላ ኩዊንስና በብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተችው አማካይ ሻሚራ ናሉግያ ያደገችው በዚህ መንገድ ነው። ልጅቷ ኳስ በመምረጧ ደብተሯን አትጥልም፤ ወላጅም ልጁን ለመላክ ያን ያህል አያቅማማም።

ዩጋንዳን ግን ያለ ልክ ላወድስ አልፈልግም። የእነሱም ቡድን በ2000 ከተሳተፈ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 22 ዓመት ፈጅቶበታል። እዚህም ተጫዋቾች ስለ ክፍያና ስለ አያያዝ ያማርራሉ። እኛ ደግሞ እነሱ የሌላቸው ነገር አለን። የእኛ ሊግ ክለቦች ባንክ፣ መብራትና መከላከያን በመሰሉ ተቋማት ሥር የተቋቋሙ በመሆናቸው ተጫዋች በወር ደመወዝ ትተዳደራለች፤ ይህ በቀጣናው ትልቅ ጸጋ ነው። ስለዚህ የእነሱን የትምህርት ቤት ሥርና የእኛን የክለብ አቅም ጎን ለጎን አስቀምጦ መማማር ይቻላል። ከመማማሪያው መንገድ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሜዳ ላይ መገናኘት ነው።

«ገንዘቡስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም መስመሩን በየዕለቱ ይበርበታል። አንዴ እነሱ ጋር፣ አንዴ እኛ ጋር በሚል ስምምነት ጉዞውን እንግዳው፣ ማደሪያውንና ቀለቡን አስተናጋጁ ቢሸፍን ወጪው ለሁለቱም ይቀላል። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ምዕራብ አፍሪካ ቡድን ይዞ መሄድን ያህል የሚከብድ አይደለም። ፊፋም ለሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች በዓመት ውስጥ በርከት ያሉ የጨዋታ መስኮቶች ከፍቷል። በእነዚያ ቀናት ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን የመልቀቅ ግዴታ አለባቸው። መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ ልጆቻችን ቤት ቢቀመጡ የሚባክነው የእነሱ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከዩጋንዳ እግር ኳስ ማኅበር ጋር በየዓመቱ ደርሶ መልስ የወዳጅነት ጨዋታ ለማድረግ የሚያስችል የብዙ ዓመት ስምምነት ይፈረም። ቀኑም በፊፋ መስኮት ውስጥ ሆኖ በዓመቱ መጀመሪያ ለሕዝብ ይገለጽ። ቀጥሎ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ሩዋንዳ በዚሁ መንገድ ቢጨመሩ ብሔራዊ ቡድናችን ማጣሪያ ሳይቆጠር በዓመት ስምንት ጨዋታ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ከ20 ዓመት በታች ቡድን የሚወጡ ተጫዋቾች ወደ ዋናው ቡድን የሚሸጋገሩበት መርሐ ግብር ይዘርጋ። በየወዳጅነት ጨዋታው ቢያንስ ሁለት ወጣት አማካዮች ተሰልፈው ይሞከሩ። ውጤቱ ነጥብ በማያስከፍልበት ቀን ካልተሞከሩ ነጥብ በሚያስከፍልበት ቀን እምነት ሊጣልባቸው አይችልም።

ሦስተኛ፣ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ብርቱካን ገብረክርስቶስን የመሰለች፣ ለዓመታት የሉሲዎቹን ማልያ የለበሰች ተጫዋች ስንት ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳደረገች በይፋ ታትሞ አላየሁም። ግብ አስቆጣሪዎች በዜና ይታወሳሉ፤ ኳስ ያደላደሉና ኳስ የነጠቁ አማካዮች ግን መዝገብ ካልተያዘላቸው ይረሳሉ። አንዲት ተጫዋች ውጭ አገር ክለብ ስትፈልግም መጀመሪያ የምትጠየቀው ይህንኑ ቁጥር ነው። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከደደቢት ክለብ ተነሥታ በስዊድን፣ በማልታና በአሜሪካ ሊግ ለመጫወት በቅታለች። መንገዱ እንዳለ እሷ አሳይታናለች። አማካዮቻችንም እንዲሄዱበት የሥራ ማስረጃቸውን በእጃቸው ስጧቸው።

አራተኛ፣ የጨዋታ ዘመን ካለፈ በኋላ ስላለው ሕይወት ይታሰብ። ዕድሜ ልኳን ሜዳውን ከመሐል ሆና ስታነብ የኖረች አማካይ ለአሰልጣኝነት የተፈጠረች ናት። ከሃያ ስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ለነባር ተጫዋቾች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአሰልጣኝነት ፈቃድ ሥልጠና በፌዴሬሽኑ ወጪ ይሰጣቸው። ትምህርታቸውን ላቋረጡትም ክለቦች የማታ ትምህርት በውላቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ግዴታ ይደረግ።

ለክለቦቹም አንድ ቃል አለኝ። የተጫዋቿ ብሔራዊ ሕይወት የሚቆመው በእናንተ ትከሻ ላይ ነው። ሻምፒዮን የነበረው የደደቢት የሴቶች ቡድን ዛሬ የለም፤ ክለብ ሲፈርስ የአንድ ሙሉ ቡድን ኑሮ አብሮ ይናጋል። ቢያንስ በእጃችሁ ያለውን ጠብቁ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ባጸናው ደንብ የምትወልድ ተጫዋች ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛው ጋር ይገባታል፤ ስትመለስም ቦታዋ ሊጠበቅላት ይገባል። ይህ በውል ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ተጽፎ፣ ተጫዋቿ አንብባው፣ ገብቷት የምትፈርመው ይሁን። የአማካይ ብስለት የሚመጣው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ አንዲት ተጫዋች እናት ልትሆን የምትችለውም በዚያው ዕድሜ ነው። ልጅ ወለደች ብሎ የሸኛት ክለብ አሥር ዓመት የደከመበትን ሥራ ራሱ ያፈርሰዋል።

በመጨረሻ ከእኛ ከካምፓላ ነዋሪዎች የሚጠበቀውን ልናገር። እኔና እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ሉሲዎቹ ለወዳጅነት ጨዋታ ቢመጡ ከኢንቴቤ ተቀብለን፣ እንጀራቸውን ጋግረን፣ መቀመጫውን ሞልተን እንጠብቃቸዋለን። ለወንዶቹ ጨዋታ ስክሪን ተከራይተው ደጋፊ የሚሰበስቡ የካባላጋላ ምግብ ቤቶች ለሴቶቹ ጨዋታም በራቸውን እንዲከፍቱ እንለምናለን፤ እምቢ እንደማይሉንም አውቃለሁ። የማይቻለን የፌዴሬሽኖቹን ስምምነት መፈረም ብቻ ነው፤ ያ የእናንተ ሥልጣን ነው።

ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ የምጠብቀው መልስ ረጅም ማብራሪያ አይደለም። ለሚቀጥለው የፊፋ መስኮት ለካምፓላው የዩጋንዳ እግር ኳስ ማኅበር የግብዣ ደብዳቤ ጻፉ፤ የጨዋታውን ቀንም ቆርጣችሁ አሳውቁን። ለአማካዮቻችን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም፤ ለእኛም ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በካምፓላ ነዋሪ የሆነ የሉሲዎቹ ደጋፊ